የወፍ በሽታ፣ ነቀርሳና ማይክሮስኮፕ

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ አሪ ደጋ የሚወጣ እንግዳ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውን እንሰት ሙዝ ነው ብሎ ያልፋል። ፈረንጆችም ይህን ተክል «ሐሰተኛ ሙዝ» ብለው የጠሩት ከዚሁ የተነሣ ነው። ለአሪ ገበሬ ግን ነገሩ ከቶ አያከራክረውም፤ የግንዱን ከሥር መወፈርና የቅጠሉን አነሣሥ አይቶ ገና ከሩቁ ይለየዋል። እንደዚሁም ሁሉ በሌላው የአገራችን ክፍል ያለው የስንዴ ገበሬ እንክርዳድ ከስንዴ አጥርቶ የሚለየው ዛላው ሲወጣ መሆኑን ያውቃልና ቡቃያው ሳለ ለመንቀል አይቸኩልም። እንግዲህ የሚመሳሰሉትን መለየት በአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው መለያው ምልክት በዓይን ሊታይ ከማይቻልበት ስፍራ ሲደበቅ ነው።

በሽታ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። የእኛም ቋንቋ በሽታን የሰየመው በሚታየው መልኩ ስለ ሆነ፣ አንዱ ስም ብዙ በሽታዎችን በአንድ ጆንያ ከትቶ ይዟል። የሰው ዓይን ቢጫ የሆነ እንደ ሆነ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል፤ ነገር ግን ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የጉበት ብግነትም፣ የሐሞት ጠጠርም፣ ከባድ ወባም፣ ግርሻ ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ሁሉ የሚከፋውን አንዱን ደግሞ «ቢጫ ወባ» ብለነዋል፤ ከወባ ጋር ግን በትንኝ ከመተላለፉ በቀር ዝምድና የለውም። «ነቀርሳ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ስንል በባክቴሪያ የሚመጣውን ተላላፊ በሽታ ማለታችን ሲሆን፣ ነቀርሳ ብለን ብቻ ስንተወው ግን ዛሬ ካንሰር የሚባለውን ማለታችን ነው። ስሙን የሰጡትን አባቶች አንነቅፍም፤ ያዩትን ሰይመዋልና። በዚህ ጽሑፍ የምናወራው በነዚህ ስሞች ውስጥ የተደባለቁት ነገሮች በማይክሮስኮፕ እንዴት እንደ ተለያዩ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌያችን ከደቡብ ኦሞ የተገኘ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በየትኛውም አገር ያለ ሽማግሌ ሁሉ የሚያሠጋው የፕሮስቴት ዕጢ ነቀርሳ ነው። ዓመቶቹን ሌላ ምልክት ካላደረግን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ሰጥተናል።

በ1960 መጨረሻ ግድም፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም.፣ በኦሞ ወንዝ ሸለቆ አንድ ብርቱ ትኩሳት ገባ። የዛሬው ደቡብ ኦሞ በዚያ ዘመን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበረ። ሕመሙ በራስ ምታትና በወገብ ሕመም ይጀምራል፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ቆይቶ ለቀቅ ያደርጋል፤ ሰውየውም ድኛለሁ ብሎ ደስ ሲለው ተመልሶ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቁር ደም ያስታውካል፣ ሽንቱ ይቆማል። እስከ 1962 ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደ ታመመና ሠላሳ ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስበው እንወዳለን፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያውቋቸው መንደሮች ውስጥ ያለቀ ሕዝብ ነው።

በሽታው ለምን በዚያ ስፍራ እንዲህ በረታ ለሚል መልሱ ከላይ ከጠቀስነው ከእንሰቱ ዘንድ ይገኛል። ቫይረሱ በዱር ከዝንጀሮና ከጉሬዛ ጋር ይኖራል፤ ከጫካ ወደ ሰው የሚያሻግሩት ኤዴስ የሚባሉት ትንኞች ናቸው። ከነዚህም አንደኛው ወገን፣ ኤዴስ ሲምፕሶኒ ተብሎ የተጠራው፣ እንቁላሉን የሚጥለው በኩሬ ወይም በረግረግ ሳይሆን በእንሰት፣ በጎደሬና በሙዝ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀመው ጥቂት የዝናብ ውሃ ነው። ስለዚህ ሰው ምግቤ ብሎ በቤቱ ዙሪያ የተከለው ተክል የትንኙ ማደሪያ ሆነ ማለት ነው። እንሰት በማይተክለው በቆላው አርብቶ አደርና እንሰት አብቃይ በሆነው በደጋው ገበሬ መካከል ያለው ልዩነት ለበሽታው ታላቅ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ መለየቱ ነገር እንግባ። በዚያ አገር ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቢመጣ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያደርገው ደሙን በመስተዋት ላይ አስጥቶ፣ ቀለም አጥልቆ ማየት ነው። ወባ ከሆነ ጥገኛው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ይታያል፤ ግርሻ ከሆነ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘው ረቂቅ ፍጥረት በሴሎቹ መካከል ይገኛል። እነዚህ ካልተገኙ ቢጫ ወባና የጉበት ብግነት ይቀራሉ። የቢጫ ወባ ቫይረስ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያ ሺህኛ እጅ ያህል ስለ ሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሌባውን ማየት ቢያቅታቸው የዘረፈውን ቤት ወደ መመርመር ሄዱ፤ ቤቱም ጉበት ነው።

የጉበት ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በትናንሽ ሰፈሮች የተከፈለ ነው። ደም ከሰፈሩ ዳርቻ ገብቶ በሴሎቹ መካከል እያለፈ በማዕከሉ ወዳለችው ትንሽ ደም መልስ ይፈስሳል። አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ዊልያም ካውንስልማን በ1890 በቢጫ ወባ በሞቱ ሰዎች ጉበት ውስጥ የተኮማተሩ፣ በቀለም ሲነከሩ ደማቅ ቀይ የሚሆኑ የሞቱ ሴሎችን ገለጹ፤ እነዚህም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። የብራዚሉ ተወላጅ ኤንሪኬ ዳ ሮሻ ሊማ ደግሞ በ1912 ከዚህ የበለጠውን ነገር አሳዩ። ይኸውም ቢጫ ወባ የሰፈሩን መካከለኛ ክፍል ሲያጠፋ በዳርቻው ያሉትንና ማዕከሉን የከበቡትን ሴሎች በአብዛኛው እንደሚተው ነው። ከዚህም ሌላ ጥፋቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ለመዋጋት የሚመጡት የነጭ ደም ሴሎች ጥቂቶች ናቸው። በተራው የጉበት ብግነት ግን ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ይሰበሰባሉ፤ ጥፋቱም እንዲህ ያለ የተወሰነ ቀበቶ አይሠራም። እንግዲህ መለያው ምልክት የጥፋቱ ብዛት አይደለም፤ የት ቦታ እንደ ወደቀና ምን እንደ ጐደለው ነው።

በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ በ1930 በብራዚል አንድ መሣሪያ ተሠራ፤ ሬሳውን ሳይከፍቱ ከጉበቱ ጥቂት ሥጋ ቆርጦ የሚያወጣ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር የጉበት ናሙና በዚህ ዓይነት ተሰብስቦ ተመረመረ። በሽታው ከከተማ ጠፋ ሲባል በጫካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በብዙ ረገድ በነዚህ ናሙናዎች ነው። በየቦታው የሟች ቤተሰብ መቃወሙ አያስደንቅም፤ የእኛም ሕዝብ ቢሆን ሬሳ ሲነካበት ዝም ብሎ ባላየ ነበር።

ዳሩ ግን ማይክሮስኮፕ ራሱ ያሳሳታቸው ታላላቅ ሊቃውንት እንደ ነበሩ መታወቅ አለበት። ጃፓናዊው ሂዴዮ ኖጉቺ በ1918 ወደ ኢኳዶር ሄደው ቢጫ ወባ ይዟቸዋል ከተባሉ ሕሙማን ደም አንድ ጥምዝምዝ ረቂቅ ፍጥረት አገኙና የቢጫ ወባ መንሥኤ ይህ ነው ብለው ለዓለም አስታወቁ። ክትባትም ተሠራለት። ኋላ ሲጣራ ግን ያገኙት ፍጥረት ዌይል የሚባለውን፣ ከአይጥ ሽንት የሚተላለፈውን ዓይንን ቢጫ አድራጊ ሌላ በሽታ የሚያመጣው ሆኖ ተገኘ። በመስተዋቱ ላይ ያዩት እውነት ነበረ፤ ያልተለየው ሕመምተኛው ነበረ። በ1927 አድሪያን ስቶክስና ባልደረቦቻቸው በምዕራብ አፍሪካ መንሥኤው ቫይረስ መሆኑን አረጋገጡ፤ ስቶክስም በዚያው ዓመት በዚያው በሽታ ሞቱ። ኖጉቺም ነገሩን ራሳቸው ለማጣራት ወደ አክራ ሄደው በግንቦት 1928 በቢጫ ወባ አረፉ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ማክስ ታይለር በ1937 ዛሬም የሚሠራበትን 17ዲ የተባለውን ክትባት አወጡ፤ ለዚህም በ1951 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በኦሞ ሸለቆ ለደረሰው ወረርሽኝ በአዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት፣ ሴሪዬና አንድራል ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ወደ ስፍራው ወርደው ጥናት አደረጉ፤ ጽሑፋቸውም በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት በ1964ና በ1968 ወጣ። የሕመሙን ምልክት፣ የትንኞቹን ዓይነት፣ በሰውና በዝንጀሮ ደም የተገኘውን ምስክር ሁሉ አንድ በአንድ ጽፈዋል። ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ጽሑፎች የሐኪም ጉዳይ ናቸው ብሎ ሊያልፋቸው አይገባም እንላለን፤ ስለ መንደሮቹ አኗኗር ብዙ ነገር ይገኝባቸዋልና። ሕዝቡም በዘመቻ ተከተበ። ነገር ግን በ1966 ክትባቱ ሳይደርስበት በቀረው በአባያ ሐይቅ አካባቢ በሽታው እንደገና ተነሥቶ 2,200 ያህል ሰው ታሞ 450 ያህሉ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጸጥታ ሆነ። ጸጥታው ራሱ የመርሳት ምክንያት ሆነ። በ2013 በደቡብ ኦሞ ሰዎች በትኩሳትና በዓይን መቢጨት ሲወድቁ ቢጫ ወባን በዓይኑ ያየ የጤና ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ የተረጋገጠው ናሙናው ሴኔጋል ዳካር ወዳለው ፓስተር ኢንስቲትዩት ተልኮ በግንቦት 2013 ውጤቱ ሲመለስ ነው። በጥናቱ 165 ሕሙማንና 62 ሟቾች ተመዝግበዋል፤ ከግማሽ የሚበልጡትም ከእንሰቱ አገር ከደቡብ አሪ ወረዳ ነበሩ። ከሰኔ 10 ቀን 2013 ጀምሮ ከ527,000 በላይ ለሚሆን ሕዝብ ክትባት እንዲሰጥ ዘመቻ ታወጀ። በዚህ ጊዜ የጉበት ሥጋ አላስፈለገም፤ በደም ውስጥ ያለውን መከላከያ በመመርመር ታወቀ። ይህም ቢሆን መሳዮች አሉት። የዴንጊና የዌስት ናይል ቫይረሶች ለቢጫ ወባ የቅርብ ዘመዶች ስለ ሆኑ፣ ለአንዱ የተሠራው መከላከያ በሌላው ምርመራ ላይ ሐሰተኛ ምስክር ሆኖ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሌላ ጠንካራ ማረጋገጫ ይደገማል። ካውንስልማን ያዩአቸውም ቀያይ ሴሎች በሌሎች የጉበት በሽታዎች እንደሚገኙ ከታወቀ ቆይቷል።

ቢጫ ወባ ቸኩሎ የሚገድል፣ ብዙውን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ነው። የፕሮስቴት ነቀርሳ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አንድ አንዱን ለይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በእርጅና ዘመን ይመጣል። የመለየቱ ጥበብ ግን አንድ ነው፤ እንዲያውም በዚህኛው ይበልጥ ይረቃል።

ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ አንገት ሥር ያለች፣ የሽንት ቧንቧ በመካከልዋ የሚያልፍባት ዕጢ ናት። ሰው ሲያረጅ ዕጢዋ በአብዛኛው ታብጣለች፤ ሽማግሌው ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል፣ ሽንቱ ይቀጥናል፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይያዛል። ይህ እብጠት ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳም አይለወጥም። ነቀርሳው ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ሽንትን ሳያውክ በዕጢዋ የውጪ ክፍል ተደብቆ ያድጋል፤ የሚገለጠውም አንዳንዴ ወደ አጥንት ከተሠራጨ በኋላ በወገብ ሕመም ነው። በለንደን ሐኪም የነበሩት አዳምስ በ1853 የዚህን ነቀርሳ መልክ በማይክሮስኮፕ አይተው ሲገልጹ «እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ» ብለውት ነበር። ብርቅ የመሰለው ከተራው እብጠት የሚለየው ስላልነበረ ነው። በ1904 ሂዩ ያንግ በባልቲሞር ዕጢዋን ከነዙሪያዋ ቆርጦ የማውጣትን ሕክምና ጀመሩ። በ1935 ደግሞ አርኖልድ ሪች በሌላ ምክንያት የሞቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ወንዶች ዕጢ ቢመረምሩ ከመቶው 14 ያህሉ ሳያውቁት ትንሽ ነቀርሳ ይዘው እንደ ኖሩ አገኙ። እንግዲህ ብርቅ የተባለው በሽታ በሰማንያ ዓመት ውስጥ የተለመደ ሆነ ማለት ነው፤ የተለወጠው ግን አያያችን እንጂ በሽታው አይደለም።

አሁን መልኩን እንግለጽ። የዕጢዋ ሥጋ በሰም ተደግፎ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ እጅ ያህል ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ ሄማቶክሲሊን በሚባለው ከእንጨት በሚወጣ ቀለም አስኳሉ ሰማያዊ፣ ኢኦሲን በሚባለው ደግሞ ቀሪው ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ጤናማው ዕጢ ትናንሽ ጎጆዎች የተበተኑበት መንደር ይመስላል። እያንዳንዱ ጎጆ ሁለት ዙር አለው፤ በውስጥ በኩል ፈሳሽ የሚያመነጩት ረዣዥም ሴሎች ይቆማሉ፣ በውጪ በኩል ደግሞ ጠፍጣፋ የሆኑት የመሠረት ሴሎች እንደ አጥር ይከብባሉ። ነቀርሳው ሲመጣ የሚሠራቸው ጎጆዎች አነስ ያሉ፣ የተጨናነቁና አጥር የሌላቸው ናቸው። በጤናማዎቹ መካከል ሾልከው ይገባሉ፤ በሴሉ አስኳል ውስጥም ጎላ ያለች ነጥብ ትታያለች።

ይህን የሰማ ተማሪ፣ «እንግዲያው አጥሩን መቁጠር ነው እንጂ ምን ያስቸግራል?» ሊል ይችላል። ችግሩ አጥሩ በተራው ቀለም በጉልህ አለመታየቱ፣ ከዚህም በላይ ጤናማ ሆኖ ሳለ አጥሩ የሳሳ ጎጆ መኖሩ ነው። በዕጢዋ የመካከል ክፍል የሚገኝ አዴኖሲስ የሚባል ነገር አለ፤ ትናንሽ ጎጆዎች ተሰብስበው ፍጹም ነቀርሳ ይመስላሉ፣ አጥራቸውም እየተቆራረጠ ነው። ከእርጅና ወይም ከብግነት የተነሣ የሟሸሸ የዕጢ ክፍልም አለ፤ በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ላይ ፓቶሎጂስቶችን ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግራቸው የዚህ በከፊል የሟሸሸው ዓይነት ነው። መርፌው ጥቂት አልፎ የዘር ከረጢትን የነካ እንደ ሆነ ደግሞ አስኳላቸው ትልልቅና አስፈሪ የሆኑ ሴሎች ይወጣሉ። እነዚህ ግን ንጹሓን ናቸው፤ በውስጣቸው ወርቃማ ቡናማ ቀለም በመኖሩ ይታወቃሉ። በዚህ ስፍራ አስፈሪው ንጹሕ፣ ገሩም ገዳይ ሆኖ ይገኛል። ይህን ነገር ባሰብን ቁጥር ያስደንቀናል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር ልብ የሚያስብለው ግን የስማችን ዘመድ የሆነው ነው። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው ባክቴሪያ፣ ሮበርት ኮክ በ1882 ያስታወቁት፣ አልፎ አልፎ ወደ ፕሮስቴት ይወርዳል። ዕጢዋም ትጠነክራለች፤ ሐኪሙ በጣቱ ሲዳስሳት ካንሰር ናት ይላል። በማይክሮስኮፕም ለብግነቱ የተሰበሰቡት ሴሎች አለቅጥ ሲበዙ እጅግ ክፉ የተባለውን ካንሰር ሊመስሉ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱ ነቀርሳዎች በአንድ መስተዋት ላይ ይገናኛሉ። ባክቴሪያውን ቀይ አድርጎ የሚያሳየው ልዩ ቀለም ካልተጨመረ አንዱ በሌላው ፈንታ ይፈረድበታል። አንዱ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ለሌላው የሚሰጠው ሕክምና ግን ቻርለስ ሃጊንስ በ1941 ካሳዩት ጊዜ አንሥቶ ብዙውን ጊዜ የወንድነትን ሆርሞን ማጥፋት፣ አንዳንዴም የወንድ ፍሬን ማውጣት ነው። ስለዚህ በስሕተት የተፈረደበት ሽማግሌ ምን እንደሚያጣ መግለጽ አያስፈልገንም። ካንሰሩን ብግነት ነው ተብሎ የተሸኘውም እንደዚያው ነው።

የሕክምናው ጥበብ በዚህ ችግር ላይ የሠራውን ሥራ በአጭሩ እናውሳ። በ1966 በሚኒያፖሊስ የነበሩት ዶናልድ ግሊሰን ሴሉን ትተው የመንደሩን አሠራር ከሩቅ በመመልከት ነቀርሳውን በአምስት መልክ መደቡት። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት መመዘኛ፣ በ2014 በአዲስ መልክ ቢስተካከልም፣ መነሻው ይኸው ነው። በ1985 ደግሞ የመሠረት ሴሎችን ብቻ ለይቶ የሚያቀልም ዘዴ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ አጥሩ በቡናማ ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታይ ጀመር። ከ2000 ወዲህም በነቀርሳው ሴል ውስጥ የሚበዛውን ኤኤምኤሲአር የተባለውን ነገር የሚያሳይ ቀለም ተጨመረ። ነገር ግን ይህ ቀለም አዴኖሲስንና የሟሸሸውን ክፍል አንዳንዴ ያቀልማል፤ የአጥርም አለመታየት በሁለት ሦስት ጎጆ ብቻ ቢሆን ማስረጃ አይሆንም። ጎጆዎቹ ነርቭን ዙሪያውን ከብበው ሲገኙ ግን ነገሩ ያለቀለት ነው። ከዚህ ያነሰ ምስክር የያዘ ፓቶሎጂስት «አጠራጣሪ ነው፤ ናሙናው ይደገም» ብሎ የመጻፍ መብት አለው። እኛ ይህን ፍርድ ከሁለቱ ይልቅ እናከብረዋለን። መሥሪያ ቤቶቻችን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ይወዳሉ፤ ሥጋ ግን በቅጹ መሠረት አልተፈጠረም።

በደማችን ውስጥ የሚለካው ፒኤስኤ የሚባለውም ነገር ይህን ሥራ አይተካም። ከ1980ዎቹ ወዲህ በዓለም ቢስፋፋም፣ ነቀርሳውም ተራው እብጠትም ብግነቱም ከፍ ያደርጉታል። ጥርጣሬን ያመጣል እንጂ አይፈርድም፤ ፍርዱ ወደ መስተዋቱ ይመለሳል።

በአገራችን ይህ ጥበብ የተተከለው በቅርብ ጊዜ ነው። የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1964 ተከፈተ፤ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 ነው፤ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብም በ2011 ተቋቋመ። በጂንካ ወይም በሐመር ያለ ሽማግሌ ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ መዝገቡ የከተማዋን ነዋሪዎች የሚቈጥር ነውና። ፓቶሎጂስት በሌለበት ስፍራ ሁሉ ሰውየው ራሱ ባይሄድ ሥጋው መሄድ አለበት።

ሥጋው ሲሄድ ደግሞ የመንገዱ ነገር ከማይክሮስኮፑ እኩል ይቈጠራል። ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ መበስበስ ይጀምራል። ፎርማሊኑም ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ፎርማሊን በመጥፋቱ ምክንያት በውሃ ወይም በአልኮል ተነክሮ የቆየ ናሙና፣ በጠባብ ጠርሙስ ታፍኖ የተላከም እንዲሁ፣ ሴሎቹ ይኮማተራሉ ወይም ያብጣሉ። በአስኳሉ ውስጥ ያለችው ነጥብ ትጠፋለች፤ አጥሩን የሚያሳየው ቀለምም አይዝም። ያን ጊዜ በዓለም የተመሰገነ ሊቅ ቢቀመጥ የሚያየው ነገር የለም። ከጠርሙሱ ጋር የሚሄደውም ወረቀት የሥጋው ግማሽ ነው። አዴኖሲስ በመካከለኛው ክፍል፣ ካንሰሩ ግን በአብዛኛው በውጪው ክፍል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ናሙናው ከየትኛው ክፍል በምን መሣሪያ እንደ ተወሰደ መጻፍ አለበት። የሰውየው ዕድሜ፣ ከዚህ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ እንደ ሆነ፣ ሆርሞን የሚያጠፋ መድኃኒት ወስዶም እንደ ሆነ መገለጽ ይገባዋል፤ ያ መድኃኒት የነቀርሳውን ጎጆዎች አሟሽሾ ንጹሕ ያስመስላቸዋልና። እነዚህ አራት መስመሮች ባዶ ሆነው የተላኩ እንደ ሆነ ፓቶሎጂስቱ ማኅተም ካለበት ባዶ ወረቀት ጋር ቁጭ ብሎ ይፈርዳል።